ስለ ኑዛዜ አደራና ስለ ነገረ ፈጅ ሥራ
(ከእንግሊዝ አገር የሕግ ታሪክ)

ሰው በሕይወቱ ሳለ ገንዘቡን ራሱ ይጠብቃል፤ ያበደረውን ራሱ ይጠይቃል፥ የተበደረውንም ራሱ ይከፍላል። በሞተ ጊዜ ግን አፉ ዝም ይላል፥ እጁም ይታጠፋል፤ ገንዘቡ ብቻ ባለቤት እንደሌለው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየአገሩና በየዘመኑ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ኖሯል፤ ይኸውም ሟቹ ከሄደ በኋላ በሟቹ ፈንታ ቆሞ የሚናገር፥ ዕዳውን የሚከፍል፥ ለወራሾቹም የሚያካፍል ማን ነው? ይህን የሚሠራው ሰውስ አደራውን ቢበላ የሚጠይቀው ማን ነው? የሚል ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህ ጥያቄ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሲመለስና እንደ ገና ሲታደስ ኖሯል። ነገሩ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበረ፤ በኋላ በመንግሥት ዳኛ እጅ ገባ፤ ሥራውም ከጊዜ ብዛት ሶሊሲተር ለሚባለው ነገረ ፈጅ እየተላለፈ ሄደ። ይህ ታሪክ ለካህናትም ለከተማ ሰዎችም የሚጠቅም ትምህርት አለበትና አሳጥረን እንጽፈዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓመተ ምሕረት ብለን ካልለየናቸው በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። በእኛ ቋንቋ ሰው ኀጢአቱን ለነፍስ አባቱ ሲናገር ተናዘዘ ይባላል፤ ገንዘቡን ለማን እንደሚተው ሲናገርም ተናዘዘ ይባላል። በግእዝም ናዘዘ ማለት አጽናና፥ አረጋጋ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሁለቱን ነገር የያዘው በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱም የሚሆኑት በአንድ አልጋ አጠገብ፥ በአንድ ሰዓት፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ካህን ፊት ነበርና። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕዝብ ዘንድም ነገሩ እንዲሁ ነበረ። ያን ጊዜ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ሲባል ገንዘቡን ሳያደላድል የሞተ ማለት ብቻ አልነበረም፤ ነፍሱንም ሳያሰናዳ የሞተ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ያለ ኑዛዜ መሞት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር።

የኖርማኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ የቤተ ክርስቲያንን ፍርድ ከመንግሥት ፍርድ ለየ። ከዚህ የተነሣ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኑዛዜ ክርክር በጳጳሱ ፍርድ ቤት የሚታይ ሆነ። ዳሩ ግን የጳጳሱ ሥልጣን በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ ብቻ ነበር፤ ማለት በገንዘብ፥ በከብት፥ በልብስና በቤት ዕቃ ላይ ነው። መሬት የንጉሡና የጌቶች ጉዳይ ስለ ነበረ በኑዛዜ አይተላለፍም፥ ለበኵር ልጅ ይሄድ ነበር እንጂ። ንጉሥ ዮሐንስ በ1215 ማግና ካርታ በሚባለው ደብዳቤ ላይ ማኅተሙን ባሳረፈ ጊዜ፥ ሳይናዘዝ የሞተ ነጻ ሰው ንብረት በቤተ ክርስቲያን ተቈጣጣሪነት በቅርብ ዘመዶቹና በወዳጆቹ እጅ እንዲከፋፈል፥ ለዕዳ ጠያቂዎች የሚገባውም እንዲጠበቅ በደብዳቤው ተጽፎ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ አፈጻጸሙ ግን እንደ ሐሳቡ አልሆነም። ለነፍሱ ይሁን እየተባለ የሚወሰደው ገንዘብ በጳጳሱ ሹማምንት እጅ እየቀረ፥ ለሟቹ ያበደረው ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ስለዚህ በ1285 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ባወጣው ሕግ፥ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ንብረት በእጁ የገባ ጳጳስ፥ የኑዛዜ ፈጻሚ እንደሚከፍለው ሁሉ የሟቹን ዕዳ ይክፈል ተባለ። በ1357 ደግሞ ሣልሳዊ ኤድዋርድ ጳጳሱ ንብረቱን ራሱ መያዙን ትቶ ለሟቹ ቅርብ ለሆኑና ለታመኑ ሰዎች እንዲሰጥ አዘዘ። እነዚህም ሰዎች በፍርድ ቤት ሊከሱና ሊከሰሱ የሚችሉ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ዛሬም ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው ንብረት የሚይዘው አስተዳዳሪ የሚባለው ሹመት ከዚህ ሕግ የወጣ ነው። ሟቹ ራሱ በኑዛዜው የሾመው ሰው የኑዛዜ ፈጻሚ ይባላል፤ ፍርድ ቤት የሾመው አስተዳዳሪ ይባላል። ስማቸው ቢለያይም አደራቸው አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ስለ ዋጋ ሆነ። የጳጳሳት ጸሐፊዎች ኑዛዜውን መርምረው ማኅተም ለማድረግ ከሟቹ ቤት ብዙ ገንዘብ ይጠይቁ ስለ ነበረ ሕዝቡ አጕረመረመ። በ1529 የእንግሊዝ ፓርላማ ዋጋውን ወሰነ፤ ንብረቱ ከ5 ፓውንድ የማይበልጥ ድሃ ለጸሐፊው ከሚሰጠው 6 ፔንስ በቀር ምንም እንዳይከፍል ሆነ። ደግሞም የኑዛዜ ፈጻሚው የሟቹን ዕቃ ሁሉ በምስክሮች ፊት ቈጥሮ ዝርዝር አድርጎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። በእነዚህ መዝገቦች ላይ ድስቱና ምጣዱ፥ አልጋውና ብርድ ልብሱ፥ ላሟና እህሉ እያንዳንዱ ከነዋጋው ተጽፎ ስለሚገኝ፥ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ኑሮ ከእነርሱ ይማራሉ። ሕጉ የወጣው ግን ለታሪክ ሲባል አልነበረም፤ መበለቲቱና ልጆቹ ምን እንደ ቀረላቸው እንዲያውቁ ነበር እንጂ።

በ1540 መሬትን በኑዛዜ ማስተላለፍ በብዙው ተፈቀደ። በ1670 ደግሞ ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ንብረት እንዴት እንደሚከፈል የሚወስን ሕግ ወጣ፤ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ልጆች ካሉ ለሚስቲቱ ሲሶው፥ የቀረው ለልጆቹ፤ ልጅ ከሌለ ለሚስቲቱ እኩሌታው ሆነ። አስተዳዳሪውም ዋስ ጠርቶ ሒሳቡን ሊያሳይ ግዴታ እንዲገባ ታዘዘ። እንደምናየው የሕጉ መንገድ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይሄዳል፤ አደራ ለተቀበለ ሰው ዝርዝር፥ ምስክር፥ ዋስና ሒሳብ ያስፈልገዋል ወደሚለው ነው።

የዚያን ጊዜውን አሠራር በአንድ ታዋቂ ሰው ኑዛዜ እናስረዳ። ባለ ቅኔው ዊልያም ሼክስፒር በ1616 መጋቢት 25 ቀን በሦስት ገጽ የተጻፈ ኑዛዜውን ፈረመ፤ በሚያዝያ 23 ቀንም ሞተ። ኑዛዜውን ያሰናዳለት ፍራንሲስ ኮሊንስ የሚባል የዎሪክ ከተማ የሕግ ሰው እንደ ነበረ ይታመናል። ኮሊንስ ከምስክሮቹ አንዱ ነበረ፤ ኑዛዜው እንዲፈጸም ከሚቈጣጠሩት ከሁለቱ ሰዎችም አንዱ ነበረ፤ በኑዛዜውም 13 ፓውንድ ከ6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ተወለት። የኑዛዜው ፈጻሚዎች ግን ልጁ ሱዛናና ባልዋ ጆን ሆል ነበሩ። ሆልም በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ሎንዶን ሄዶ በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ኑዛዜውን አስጸደቀ። ለስትራትፎርድ ድኾች 10 ፓውንድ ተሰጠ፤ ለሚስቲቱም ከአልጋዎቹ ሁለተኛው ተተወላት፤ ስለዚህ ስለ አልጋው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ ግን ከነገሩ የምናስተውለው ሌላ ነው፤ ጽሕፈቱን የሚያውቅ የሕግ ሰው ረዳ፥ አደራውን ግን ቤተ ሰቡ ተሸከመ፥ ፍርዱንም ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ሦስቱ ሥራዎች በሦስት እጅ ተለይተው ነበር።

ሶሊሲተር የሚለው ስም በመጀመሪያ ትልቅ ክብር አልነበረውም። በጥንቱ የመንግሥት ፍርድ ቤቶች ስለ ባለ ጉዳዩ የሚቆመው አቶርኒ ይባል ነበር፤ ቻንስሪ በሚባለው የርትዕ ፍርድ ቤት ነገሩን የሚከታተለውና የሚያፋጥነው ሶሊሲተር ይባል ነበር፤ በጳጳሳት ፍርድ ቤት የሚሠራው ደግሞ ፕሮክተር ይባል ነበር። በዳኛ ፊት ቆሞ የሚሟገተው ባሪስተር ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በእኛ ቋንቋ ባሪስተሩን ጠበቃ፥ ሶሊሲተሩን ነገረ ፈጅ ብንለው ከሥራቸው አይርቅም። በ1729 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ አቶርኒውም ሶሊሲተሩም 5 ዓመት በሌላ የሕግ ሰው ዘንድ ተምሮ፥ በዳኛ ተመርምሮ፥ መሐላ ፈጽሞ ስሙ በመዝገብ ካልገባ በቀር እንዳይሠራ ተከለከለ። ዋጋውንም ዘርዝሮ ለደንበኛው በጽሑፍ ሳይሰጥና ከዚያም አንድ ወር ሳይቈይ ስለ ክፍያ ሊከስ አይችልም ተባለ። ሎው ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበራቸው በ1825 ተመሠረተ፥ በ1831ም የንጉሥ ፈቃድ አገኘ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲሆን የኑዛዜ ማጽደቅ ሥራ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ውስጥ ተዘግቶ ቀርቶ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝና በዌልስ ኑዛዜ የሚያጸድቁ ከ300 የሚበልጡ ፍርድ ቤቶች ነበሩ። ሟቹ በአንድ ሀገረ ስብከት ብቻ ንብረት ቢኖረው ወደ አንዱ፥ በሁለት ሀገረ ስብከት ቢኖረው ወደ ሊቀ ጳጳሱ መሄድ ግድ ነበር። ዋናው ፍርድ ቤት በሎንዶን ከቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፥ ዶክተርስ ኮመንስ በሚባል ግቢ ውስጥ ነበረ፤ በዚያም ሊሠሩ የሚችሉ ፕሮክተሮች ብቻ ነበሩ። ቻርልስ ዲከንስ በወጣትነቱ በዚያ ግቢ ክርክሩን በአጭር ጽሕፈት የሚይዝ ጸሐፊ ስለ ነበረ፥ በኋላ በመጽሐፉ አፌዘበት። በሌላም መጽሐፉ በቻንስሪ የተያዘ የውርስ ክርክር ንብረቱ ሁሉ በወጪ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ቈየ ተረከ።

ይህ ተረት ብቻ አልነበረም። ዊልያም ጄነንስ የተባለ እጅግ ባለጠጋ ሰው በ1798 ሞተ፤ ኑዛዜውም ሳይፈረም ተገኘ። በአንድ ፊርማ መጕደል ምክንያት ወራሽ ነን የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተጓተተ። በቋንቋችን ፈጀ ማለት ጨረሰ ማለት ነው፤ በላ፥ አጠፋ ማለትም ነው። ነገረ ፈጅም እንዲሁ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ ነገሩን ይፈጃል፥ ሌላው ገንዘቡን ይፈጃል። ሕግ አውጪዎች በየዘመኑ የደከሙት ሁለተኛው በመጀመሪያው ስም እንዳይነግድ ነው።

በ1837 የወጣው የኑዛዜ ሕግ መልኩን አቀለለ። ኑዛዜ በጽሑፍ ይሁን፤ ተናዛዡ ሁለት ምስክሮች በአንድነት ባሉበት ይፈርም፤ እነርሱም በፊቱ ይፈርሙ፤ ከኑዛዜው ተጠቃሚ የሆነ ሰው ምስክር ሆኖ ቢፈርም ኑዛዜው አይፈርስም፥ የተተወለትን ግን ያጣል ተባለ። ይህ ሕግ ጥቂት ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራል። በ1857 ደግሞ ፓርላማው የኑዛዜን ፍርድ ከጳጳሳት ፍርድ ቤቶች ወስዶ ለአንድ የመንግሥት ፍርድ ቤት ሰጠው። በ1858 ጥር 11 ቀን ሥራው ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዳኛም ሰር ክረስዌል ክረስዌል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጸደቀ ኑዛዜ ሁሉ በአንድ ማውጫ እየተመዘገበ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ለፕሮክተሮች ብቻ ተዘግቶ የነበረው በርም ለሶሊሲተሮች ተከፈተ። የዶክተርስ ኮመንስ ሕንፃ በ1867 ፈረሰ። በ1875 ሥራ ላይ በዋለው የፍርድ ቤቶች ማሻሻያ አቶርኒና ፕሮክተር የሚሉት ስሞች ቀርተው ሁሉም ሶሊሲተር ተባሉ።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥልጣን በማጣትዋ ተዋረደችን? እንደ እኛ አስተያየት አልተዋረደችም። ካህን የሟቹን ቃል በእውነት የሚመሰክርና ሕያዋንን የሚያስታርቅ ሲሆን ሥራው በቦታው ነው፤ ከሟቹ ገንዘብ ዋጋ የሚቈርጥ ዳኛ በሆነ ጊዜ ግን የድሃው አቤቱታ በእርሱ ላይ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የሆነው ይህ ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሰው በሞተ ጊዜ ሞቱ ይመዘገባል፤ ኑዛዜው ይፈለጋል፤ ንብረቱና ዕዳው ይቈጠራል፥ ይገመታል፤ የውርስ ግብር የሚገባው ከሆነ ሒሳቡ ለመንግሥት ይቀርባል። ሰውዬው ከሞተበት ወር በኋላ ስድስተኛው ወር ሲፈጸም ግብሩ መከፈል አለበት፤ ካልሆነ ወለድ ይቈጠርበታል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ፕሮቤት የሚባለውን ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ባንኩም ብዙ ገንዘብ ከሆነ ያለዚህ ወረቀት አይለቅም። የኑዛዜ ፈጻሚው ገንዘቡን ሰብስቦ አስቀድሞ ዕዳ ይከፍላል፤ ያልታወቀ ዕዳ ጠያቂ እንዳይኖር በመንግሥት ጋዜጣ አስነግሮ ቢያንስ ሁለት ወር ይጠብቃል፤ በመጨረሻ ያካፍላል፥ ሒሳቡንም ያሳያል። በ1925 የወጣው የውርስ አስተዳደር ሕግ ከሞቱ ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት አካፍል ተብሎ እንዳይገደድ ጊዜ ሰጥቶታል። ዕዳ ሳይከፍል ቢያካፍል ግን ከገዛ ኪሱ ሊከፍል ይችላል። አደራው የሚያስፈራው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ሰዎችም ወደ ሶሊሲተር የሚሄዱት በዚህ ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ሶሊሲተር መያዝ ግዴታ ነውን? አይደለም። የሟቹ ልጅ ወይም ሚስት ራሳቸው ወደ ፍርድ ቤቱ ጽፈው ማረጋገጫውን ማግኘት ይችላሉ። በ2007 በወጣው ሕግ የተከለከለው፥ ፈቃድ የሌለው ሰው ዋጋ እየተቀበለ ለሌላው የፕሮቤትን ወረቀት ማሰናዳት ነው። ኑዛዜ መጻፍ ብቻውን ግን በዚህ ክልከላ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ኑዛዜ እንጽፋለን የሚሉ ሁሉ ሶሊሲተሮች እንዳይመስሉን ያስፈልጋል። ንብረቱ ጥቂት፥ ወራሾቹ የተስማሙ፥ ቤቱም ከሚስቲቱ ጋራ በአንድነት ስም የተጻፈ ከሆነ የሕግ ሰው ብዙ አያስፈልግም። ዕዳው ከንብረቱ የሚበልጥ ቢመስል፥ ሕፃናት ወራሾች ቢኖሩ፥ ንግድ ወይም በሌላ አገር ያለ ቤት ቢኖር፥ ወንድማማቾችም መነጋገር ቢተዉ፥ ያን ጊዜ ዐዋቂ ሰው መያዝ ወጪ ሳይሆን ቍጠባ ነው።

ስለ ዋጋው የጥንቱ የእንግሊዝ ዳኞች ጥብቅ ነበሩ። በ1734 በተፈረደ አንድ ክርክር፥ የአደራ ጠባቂ ወይም የኑዛዜ ፈጻሚ ተናዛዡ ካልፈቀደለት በቀር ለድካሙ ዋጋ አይጠይቅም ተባለ፤ ከአደራ ትርፍ የሚፈልግ ሰው አደራውን ያበላሻል ብለው ነውና። ሶሊሲተሮች ግን ራሳቸው የኑዛዜ ፈጻሚዎች ሆነው ሲሾሙ ዋጋ እንዲፈቀድላቸው በኑዛዜው ውስጥ ያጽፉ ጀመር፤ በ2000 የወጣው ሕግም በሙያው የሚሠራ አደራ ጠባቂ ተገቢ ዋጋ እንዲያገኝ ፈቀደ። ዋጋው አንዳንድ ጊዜ በሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ከንብረቱ በመቶ እየታሰበ ይቈረጣል። ስለዚህ ኑዛዜ የሚያጽፍ ሰው ሶሊሲተሩን የኑዛዜ ፈጻሚ አድርጎ ሲሾም፥ ለልጆቹ ረዳት እየቀጠረላቸው ሳይሆን አደራውን ራሱን አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን ይወቅ። እንደ ሼክስፒር ቤተ ሰቡን ሾሞ ቢተው ግን፥ እነርሱ በኋላ የሕግ ሰው ቢያስፈልጋቸው መርጠው ይቀጥራሉ፥ ዋጋውንም አስቀድመው ይጠይቃሉ፥ ባይስማማቸውም ይለውጣሉ።

ይህ ነገር ለእኛም የሚነካን ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ቤት ገዝተዋል፥ ሱቅ ከፍተዋል። በዚያ አገር ያለ ቤትና መሬት ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም በዚያው አገር የውርስ ሕግ ይተላለፋል። በዚያ አገር እየኖሩ በዚያ አገር ሕግ ሥርዐት ያልተጋቡ ባልና ሚስት፥ አንዱ ሳይናዘዝ ቢሞት ሌላው እንደ ባል ወይም እንደ ሚስት አይወርስም፤ በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ድርሻ ይሰጠኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ብቻ ይቀረዋል። ደግሞም በሎንዶን የጸደቀ ኑዛዜ በአዲስ አበባ ያለውን ቤት በራሱ አያስተላልፍም፤ ወራሹ በአገራችን ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረጃውን ማግኘት አለበት።

በአገራችንም መንገዱ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ብዙ ይናገራል፤ በልማዳችንም የነፍስ አባት የሟቹን የመጨረሻ ቃል ሰምቶ ሲመሰክር ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፥ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክሮች እንዲበቁ አዘዘ። ሰው በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ሁሉም በእጁ የተጻፈ እንዲሆን፥ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጥ እንዲናገር አደረገ። ንብረቱን ሰብስቦ፥ ዕዳውን ከፍሎ ለወራሾች የሚያስረክበውን ሰው ውርስ አጣሪ አለው። ማጣራት የሚለው ቃል መልካም ቃል ነው፤ አጣሪ የደፈረሰውን ያጠራል እንጂ ከጠራው ላይ አይጠጣም።

አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የእንግሊዝ ሰዎች በብዙ መቶ ዓመት ድካም የተማሩት የአደራውን ጠባቂ መለወጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ወዳጅም ጳጳስም ነገረ ፈጅም ሰው ናቸው፤ ዝርዝር ካልተጻፈ፥ ምስክር ካልቆመ፥ ሒሳብ ካልተጠየቀ ሁሉም ይፈተናሉ። ስለዚህ ቤትና ልጆች ያሉት ሰው አእምሮው ጤናማ ሳለ ኑዛዜውን በሕግ ሥርዐት ይጻፍ፤ ያለውንና ያለበትን ዘርዝሮ ያስቀምጥ፤ የሚያምነውን ሰው በስሙ ይሹም፤ ያም ሰው ሒሳብ የሚያሳይበትን ቀን ይወስን። ይህን ያደረገ ሰው ለልጆቹ ንብረት ብቻ አይተውላቸውም፤ በለቅሶው ቤት ሳይካሰሱ የሚቀመጡበትን ሰላም ይተውላቸዋል።